ርካሽ መፍቻና የገዢ ኅሊና

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው ጥቂት መፍቻ ሳይቋጥር ከከተማ አይወጣም። ከኮርቻው ሥር ወይም በጎን ቦርሳው የሚይዘው ዕቃ ብዙ አይደለም፤ ከ8 እስከ 17 ቁጥር ያሉ መፍቻዎች፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ጠፍጣፋና ባለመስቀል ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ጎማ ማውለቂያ ብረት፣ የካላማዳርያ መለጠፊያ ከነማስቲሹ፣ የእጅ ፖምፓ፣ ጥቂት ሽቦ። ይህን ሁሉ ደህና ደህናውን መርጦ በአንድ ቀን መግዛት ግን ለግብርና ባለሙያውም፣ ማሾና ሽንኩርት ለሚነግደውም፣ በሞተሩ ሰውና ዕቃ አመላልሶ ለሚያድረው ወጣትም ከባድ ወጪ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ሰው መፍቻውን አንድ በአንድ፣ ከዚህም ከዚያም፣ በርካሽ ባገኘ ቁጥር እየገዛ ያሟላል።

የገበያ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ይህ ነገር የሃይማኖት መምህራንንና ፈላስፎችን ለብዙ መቶ ዓመታት ያሟገተ ጥያቄ በውስጡ ይዟል። ዕቃን ከሚያወጣው ዋጋ በታች መግዛት ይገባል ወይ? ርካሽነት ምንጭ አለው። አንድ መፍቻ ከዋጋው በታች የተሸጠ እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ ልዩነቱን የከፈለ ሰው አለ፤ ወይ የቸገረው ሻጭ ነው፣ ወይ የተሰረቀበት ባለቤት ነው፣ ወይ ዕቃው ነገ መንገድ ላይ የሚከዳው ገዢ ራሱ ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ማንም የከፈለ የለም፤ ሻጭም ገዢም ተጠቅመው ይለያያሉ። የገዢው ኅሊና ሥራ እነዚህን ለይቶ ማወቅ ነው።

ጥያቄው ስለ ሸሚዝ ቢሆን ኖሮ ቀለል ይል ነበር። መሣሪያ ግን የሰው እንጀራ፣ አንዳንዴም የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ዕቃ ነው። የይፋት መንገድ ደግሞ ይህን አጉልቶ ያሳያል። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። ከዚያ በደብረ ሲና በኩል ሽቅብ የሚወጣ ሰው ብዙ ሳይርቅ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወዳለው የጣርማ በር ዋሻ ይደርሳል። በቆላ አየር የተስተካከለ ካርቡራተር ደጋው ላይ አየሩ ሲሳሳበት ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፤ ሞተሩ ያነክሳል። ካንዴላ ፈትቶ የሚያጸዳበት መፍቻ የሌለው ሰው እዚያው ብርድ ላይ ይቀራል። ወደ ታች፣ ወደ ቀወት ወረዳ የገጠር ቀበሌዎችና ወደ አፋር ወሰን የሚወርደውን ደግሞ ሙቀት፣ አቧራና እሾህ ይጠብቀዋል፤ ጎማው የሚተነፍሰው ጎሚስታ በሌለበት ነው።

ኦሪት ዘዳግም በ24ኛው ምዕራፍ ወፍጮን ወይም የወፍጮን መጅ በመያዣነት መውሰድን የሚከለክለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰው የሚበላበትን መሣሪያ መውሰድ ነፍሱን በመያዣ እንደ መውሰድ ይቆጠራል። ሕጉ መሣሪያን ከሌላው ንብረት ለይቶ ያየዋል። ስለ መፍቻ ዋጋ የሚነሣው ጥያቄም ከዚህ ቢጀምር ይበጃል።

ማንንም የማይጎዳው ርካሽ ዕቃ አሮጌና ጥሩ የሆነው ነው። በደንብ ከተሠራ ብረት የወጣ መፍቻ በእድሜ ብዛት ሥራው አይቀንስም። ልባጡ ተልጦ፣ ጓደኞቹ ጠፍተው፣ ዝገት ነክቶት ይሆናል፤ አፉ ካልተከፈተ ግን ከብዙ ዓመት በኋላም ብሎን ይፈታል። ዋጋው የወረደው መልኩ ስለ ተበላሸና ሙሉ ስላልሆነ እንጂ ማንም ስለ ተበደለ አይደለም። እንዲህ ያለው ዕቃ በአዲስ አበባ መርካቶ በምናለሽ ተራና በሶማሌ ተራ ይገኛል፤ የመጀመሪያው አሮጌ ብረት እንደገና ሥራ ላይ የሚውልበት፣ ሁለተኛው የመለዋወጫ ዕቃ የሚሸጥበት ሰፈር ነው። ቁራሌው ከየቤቱ ለቅሞ ከሚያመጣው ብረት መካከልም ይገኛል። በየከተማው ጋራዥ ሥራ የሚቀይር መካኒክም ይሸጠዋል።

እንዲህ ያለ ዕቃ መምረጥ እውቀት ይጠይቃል። የመፍቻውን ሁለት መንጋጋ አይቶ መለካት፣ በሚታወቅ ብሎን ላይ መሞከር፣ እጀታው የተጣመመ ወይም በብየዳ የተቀጠለ መሆኑን መመርመር ያስፈልጋል። በአሮጌ ብረት መካከል በኢንች የተለኩ መፍቻዎችም ይገኛሉ። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባለ 12 ብሎን ላይ ይሰፋል፤ ብሎኑንም ይበላዋል። ባለ 9/16ኛው 14.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለባለ 14 ብሎን ልክ ይመስላል፤ የጠበቀ ብሎን ላይ ግን ይንሸራተታል። ዛሬ በይፋት የሚነዱት የሕንድና የጃፓን ሞተሮች በሚሊ ሜትር የተሠሩ ናቸውና በኢንች የተለካ መፍቻ ምንም ርካሽ ቢሆን አይጠቅምም።

ንጹሕ ከሆነው ርካሽ ዕቃ መካከል የአገር ቀጥቃጭ የሚሠራው ጎማ ማውለቂያ መቆጠር አለበት። ከተጣለ የመኪና ባሌስትራ የሚቀጠቀጥ ብረት ነው። ባሌስትራ እየተለመጠ እንዲመለስ ተብሎ የተሠራ ብረት ስለሆነ፣ ባለሙያ አግሎ ከቀረጸውና በልኩ ካበረደው፣ ከሱቅ ከሚገዛው አዲስ ማውለቂያ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ዋጋው የሚቀንሰው ጥሬ ዕቃው ወዳቂ ስለሆነ ነው። አንድ ነገር ግን ዋጋውን ሲያወርደው ኖሯል፤ ለሠሪው የሚሰጠው ንቀት። ቀጥቃጭን ቡዳ ብሎ የሚርቅ ሰው ቀጥቃጩ በሠራው ማረሻና ማጭድ ሲያርስና ሲያጭድ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በእጅ ሥራው መስደብን በዐዋጅ የከለከሉት ይህ ንቀት አገርን እንደሚጎዳ ስላወቁ ነበር። ቁርኣን አል-ሐዲድ በተባለው ምዕራፍ ብረትን ከአምላክ የተሰጠ ብርታትና ጥቅም ያለበት ነገር አድርጎ ያነሣዋል፤ ኦሪት ዘፍጥረትም ቱባልቃይንን የብረትና የናስ ሠሪ አድርጎ በስሙ ይጠራዋል። በአንደኛ ሳሙኤል 13ኛ ምዕራፍ እስራኤላውያን በአገራቸው ብረት ሠሪ ስላልነበራቸው ማረሻቸውን ለማሳል ወደ ጠላቶቻቸው ወደ ፍልስጥኤማውያን ወርደው የተጠየቁትን ይከፍሉ እንደነበር ተጽፏል። ከአገር ሠሪ የሚገዛ ሰው በብረቱ ጥራት ላይ መከራከር መብቱ ነው። የሠሪውን ትውልድ እያነሣ ዋጋ መቀነስ ግን በደል ነው።

ከዚህ የሚለየው አዲስ ሆኖ ርካሽ የሆነው መፍቻ ነው። በየሱቁ ደጃፍ በፕላስቲክ ሣጥን ተደርድሮ የሚያበራ፣ አሥራ ምናምን ፍሬ ያለው ስብስብ በአንድ ጥሩ መፍቻ ዋጋ ይሸጣል። ላዩ ላይ ክሮም ቫናዲየም የሚል ጽሑፍ ይኖራል፤ ጽሑፍ ግን በማንኛውም ብረት ላይ ይታተማል። ለስላሳ ብረት የጠበቀ ብሎን ላይ ኃይል ሲያርፍበት አፉን ይከፍታል፤ የብሎኑን ማዕዘን ልጦ ክብ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ጥሩ መፍቻም አይፈታውም። ባለመስቀሉ ካቻቪቴም እንዲሁ ነው። የጃፓን ሞተሮች ቪስ ከተለመደው የተለየ የመስቀል ቅርጽ ስላለው፣ ልኩን ያልጠበቀ ካቻቪቴ ይንሸራተትና የቪሱን ራስ ይበላዋል።

እዚህ ላይ ገዢው የራሱን ገንዘብ ብቻ ያባከነ ይመስላል፤ ኅሊናን የሚመለከት ነገር የሌለም ይመስላል። ነገር ግን የኋላ ጎማ የተሰካበት ብሎን፣ ካቴና የሚወጠርበት ዳዶ፣ ፍሬን የሚስተካከልበት ቪስ በለስላሳ መፍቻ ተበልተው በግማሽ ጠብቀው ሲቀሩ አደጋው ከኋላ ለተቀመጠው ሰውም ይተርፋል። ከሸዋ ሮቢት ክሊኒክ ወደ ቤቷ የምትመለስ እናት የተሳፈረችበት ሞተር በምን መፍቻ እንደ ጠበቀ አታውቅም። ለራስ ብቻ የተገዛ የሚመስለው ርካሽ ዕቃ በሌላ ሰው አካል ላይ የሚከፈል ዕዳ ሊያመጣ ይችላል። በዚህ ጉዳይ ያለው ፍርድ ግልጽ ነው፤ ሰው የሚያሳፍር ሞተር ነጂ በሦስት ወይም በአራት ጥሩ መፍቻ ቢወሰን ይሻለዋል። ድኻ ውድ ዕቃ ይግዛ ማለት አይደለም። ለአንድ ሞተር ከሚያስፈልጉት ቁጥሮች ውስጥ በየቀኑ የሚሠራባቸው ጥቂት ናቸው፤ የቀረው ከጎረቤት ይዋሳል።

ሻጭም በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አግብተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ሲያገኙት ነጋዴውን እንደ ገሠጹትና እርጥቡን ከላይ አድርጎ ማሳየት ነበረበት እንዳሉ፣ ያጭበረበረንም ከማኅበራቸው እንደለዩት በሙስሊም የሐዲስ ስብስብ ተመዝግቧል። ለስላሳውን መፍቻ ለስላሳ መሆኑን ተናግሮ በርካሽ የሚሸጥ ነጋዴ ጥፋት የለበትም፤ አልፎ አልፎ ሣጥን ለመጠገን የሚፈልገው ገዢም ሊኖር ይችላል። ኦርጅናል ነው ብሎ የሚምል ነጋዴ ግን እርጥቡን ከሥር የደበቀው ሰው ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመለስ፣ ትክክለኛ ዋጋ የሚባል ነገር ምንድን ነው? አርስቶትል በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር አምስተኛ መጽሐፉ መሸጥና መለወጥ ሁለቱን ወገኖች እኩል አድርጎ መመለስ እንዳለበት ያስረዳል። በ13ኛው መቶ ዘመን የኖረው ቶማስ አኩዊናስ ይህን ተከትሎ ትክክለኛ ዋጋ አንዲት የተወሰነች ነጥብ እንዳልሆነች፣ ትንሽ መጨመርና መቀነስ ፍትሕን እንደማያፈርስ ጽፏል። የአይሁድ መምህራን በታልሙድ ከስድስት አንድ እጅ የሚያህልን ልዩነት ወሰን አድርገውታል፤ የሮማ ሕግ ከግማሽ ዋጋ በታች የተሸጠ መሬት እንዲመለስ ፈቅዷል። ከእስልምና የፊቅህ ሊቃውንት አንዳንዶቹ ከሲሶ ያለፈ ጉዳትን ከባድ ብለውታል። ሆኖም ቁርኣን በአን-ኒሳእ ምዕራፍ ንግድ በሁለቱ ወገኖች ፈቃድ እንዲሆን ያዛል፤ ነቢዩም ገበያ በተወደደ ጊዜ ዋጋ እንዲተምኑ ሲጠየቁ ዋጋን የሚያወጣና የሚያወርድ አላህ ነው ብለው እንዳልተቀበሉ ተዘግቧል። ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው ስሜት ተቀራራቢ ነው፤ መከራከር ይፈቀዳል፣ ተከራክሮ ማትረፍም ይፈቀዳል፤ የማይፈቀደው ፈቃዱ እውነተኛ ያልሆነን ሰው ፈቃደኛ አስመስሎ መግዛት ነው።

ይፋት ለዚህ ክርክር አዲስ አገር አይደለም። ከ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሥርወ መንግሥት ከዘይላ ወደ መሐል አገር የሚወስደውን የንግድ መንገድ ይዞ ኖሯል፤ በሸዋ ሮቢት አካባቢ ኖራ በተባለው ቦታ የሚታየው ፍርስራሽ መስጊድ የዚያ ዘመን ምስክር ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ ከአንኮበር ሥር የምትገኘው አልዩ አምባ ከሐረር ለሚመጡ ቅፍለቶች ዋና ገበያ ነበረች፤ አሞሌ ጨውና ማርትሬዛ ብር የሚለዋወጡ ሙስሊምና ክርስቲያን ነጋዴዎች ይገናኙባት ነበር። ዛሬም በእሑዱ የሰንበቴ ገበያ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አፋሩ ይገናኛሉ። የተለያየ እምነት ያላቸው ሰዎች በአንድ ገበያ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩት መጽሐፍ ቅዱስና ቁርኣን ስለ ሚዛንና ስለ ቃል የሚሉት ተመሳሳይ ስለሆነ ጭምር ነው።

ስለ ቃል የሚሉት በተለይ ለመፍቻ ገዢ ይመለከተዋል። መጽሐፈ ምሳሌ በ20ኛው ምዕራፍ ዕቃውን ሲገዛ መጥፎ ነው እያለ የሚያጣጥልን፣ ከሄደ በኋላ ግን በገዛው ዕቃ የሚመካን ሰው ያሳያል። ይህ ሰው በየገበያው አለ። ጥሩ የጀርመን ወይም የጃፓን መፍቻ አይቶ ልቡ ዘሎ ሳለ፣ ፊቱን አጨፍግጎ ዝጓል፣ ጠሟል፣ የቻይና ነው ይላል። ገዝቶ ከራቀ በኋላ ለጓደኞቹ እያሳየ በስንት ብር እንደ ወሰደው ይናገራል። ቁርኣንም ነቢዩ ሹዐይብ ለመድየን ሰዎች የተናገሩትን በሦስት ምዕራፎች፣ በአል-አዕራፍ፣ በሁድና በአሽ-ሹዐራእ ይደጋግማል፤ ስፍርና ሚዛንን ሙሉ ከማድረግ ጋር የሰዎችን ዕቃ ማሳነስን ይከለክላል። ብዙ ሰው ይህን ለነጋዴ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ብቻ አድርጎ ይሰማዋል። ገዢም በምላሱ ያሳንሳል፤ ምላሱ የተጭበረበረ ሚዛኑ ነው።

እዚህ ላይ ልዩነቱን በጥንቃቄ ማስቀመጥ ይገባል። በልኬ አይሆንም፣ ገንዘቤ ይህ ብቻ ነው፣ ሌላ ሱቅ በዚህ ዋጋ አይቻለሁ፤ እነዚህ እውነት ከሆኑ ክርክር ናቸው። ዝም ማለትም አይከለከልም፤ ገዢ የልቡን ደስታ ለሻጭ የመናገር ግዴታ የለበትም። ጥሩውን ብረት መጥፎ ነው ማለት፣ ሌላ ሱቅ ያላየውን ዋጋ አይቻለሁ ማለት፣ ጓደኛን በሐሰት ተጫራች አድርጎ ማቆም ግን ውሸት ናቸው። ይህን የመጨረሻውን ድርጊት ሐዲስ በስሙ ጠቅሶ ይከለክለዋል። ገበያው ሁሉ እንዲህ ነው የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ ሻጩም ቢሆን ዋጋውን ከፍ አድርጎ እንደሚጠራ ይነገራል። ሻጭ ከፍ አድርጎ የጠራው ዋጋ ግን ጥያቄ ነው፤ እውነትም ሐሰትም አይደለም። ዕቃው የማይረባ ነው ማለት ስለ ዕቃው የተሰጠ ምስክርነት ነው፤ ምስክርነት ደግሞ በሁለቱም ሃይማኖት ፍርድ አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው ሻጩ የያዘውን የማያውቅ ሲሆን ነው። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የባሏን የመፍቻ ሣጥን እንደ ውዳቂ ብረት በኪሎ ልትሸጥ ታወጣለች። በውስጡ ከአዲስ ሞተር ዋጋ የሚበልጥ ባይሆንም ለወራት ቀለብ የሚበቃ ዕቃ ሊኖር ይችላል። የሚገዛው ሞተረኛ ያውቃል፤ እርሷ አታውቅም። አኩዊናስ ለዚህ ቀጥተኛ መልስ ሰጥቷል፤ ሻጭ ወርቅን ናስ መስሎት ቢሸጥ፣ እያወቀ የገዛው ሰው በግፍ ገዝቷልና ልዩነቱን ሊመልስ ይገባል ብሏል። አውግስጢኖስም ስለ ሥላሴ በጻፈው መጽሐፍ አንድ መጽሐፍ በጣም በርካሽ የቀረበለትን ሰው ታሪክ ያነሣል፤ ሰውየው ሻጩ ዋጋውን እንዳላወቀ ተረድቶ ያልተጠየቀውን ትክክለኛ ዋጋ ከፈለው። በእስልምና ትውፊትም የነቢዩ ባልደረባ የጀሪር ኢብን ዐብዱላህ ታሪክ ይነገራል። አሽከሩ ፈረስ በ300 ድርሃም ተስማምቶ ቢያመጣለት፣ ጀሪር ወደ ባለፈረሱ ሄዶ ፈረስህ ከዚህ ይበልጣል እያለ ዋጋውን ራሱ እስከ 800 ድርሃም አደረሰው፤ ሲጠየቅም ለነቢዩ ለሁሉም ቅን ለመሆን ቃል ገብቶ እንደነበር ተናገረ። አንዱ የሰሜን አፍሪካ ጳጳስ የጻፈው፣ ሌላው በዐረቢያ የተነገረ ነው። ሁለቱም ገዢን በሻጭ ቦታ ያቆሙታል።

ሁሉም ሰው ጀሪርን ይሁን ማለት ይከብዳል። ነገር ግን መለየት ይቻላል። የመርካቶ ብረት ነጋዴ ዋጋ ማወቅ ሥራው ነው፤ ከእርሱ በርካሽ ያገኘ ገዢ ምንም ዕዳ የለበትም። ሥራው ያልሆነ፣ ያገኘውን ከቤቱ ያወጣ ሰው ግን ሌላ ነው። ሐዲስ ከገጠር ዕቃ ይዘው የሚመጡ ሰዎችን ገበያ ሳይደርሱ፣ ዋጋ ሳያውቁ፣ መንገድ ላይ ተቀብሎ መግዛትን የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። በማሾ ወቅት ከቀበሌ የሚወርደውን ገበሬ ከከተማው መግቢያ ላይ የሚጠብቀው ደላላና የሴቲቱን ሣጥን በኪሎ የሚመዝነው ሞተረኛ የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው። ቢያንስ ይህን ወስደሽ ለመካኒክ አሳዪ ማለት ማንንም አያከስርም።

የቸገረው ሻጭ ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ እርሱ ዋጋውን ያውቃል፤ ግን መጠበቅ አይችልም። ልጁ የታመመበት መካኒክ መተዳደሪያው የሆነውን ስብስብ ማታ ይዞ ሲመጣ፣ ግማሽ ዋጋ ብሎ መግዛት በፈቃዱ ነው ያስብል ይሆናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1710ኛው አንቀጽ የአንዱን ወገን ችግር፣ የዋህነት፣ መጃጀት ወይም ግልጽ የንግድ ልምድ ማነስ መሣሪያ በማድረግ የተገኘ ስምምነት ፍትሕ ሲያስገድድ ሊፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። ፍርድ ቤት ለአንድ ሣጥን መፍቻ አይሰበሰብ ይሆናል፤ ድንጋጌው ግን በሕግ አውጪው ዓይን ችግር ፈቃድን እንደሚያጎድል ያሳያል። የዘዳግም ሕግም እዚህ ይመለሳል። ሰውየው መሣሪያውን ሲሸጥ ነገ የሚሠራበትን ሸጧል። ገንዘብ ያለው ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ በደህና ዋጋ መግዛት፣ ወይ ማበደርና መሣሪያውን በእጁ መተው። ሁለተኛው ይበልጣል፤ በሁለቱም ሃይማኖት ያለ ወለድ ማበደር የተመሰገነ ነው።

የተሰረቀ ዕቃ ብዙ ክርክር አይፈልግም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የተሰረቀን ንብረት የሚገዛንና የሚደብቅን ሰው በመሸሸግ ይቀጣል። ችግሩ ገዢ አላወቅሁም ማለት ስለሚወድ ነው። ምልክቱ ግን ይታያል። ብዙ መካኒኮች መፍቻቸውን በቀለም ወይም በሞረድ ጭረት ምልክት ያደርጉበታል፤ ምልክቱ በአዲስ ጭረት የተፋቀ ከሆነ፣ ሻጩ ከየት እንዳመጣው ሲጠየቅ ከተናደደ፣ ከአንድ የሞተር ሞዴል ጋር ከፋብሪካ የሚመጣ ስብስብ ለብቻው ከቀረበ፣ ዋጋው ያለ ምክንያት ካነሰ፣ አላወቅሁም ማለት አይቻልም። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው በደረሰው ጥፋት፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳርም የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ፣ ቤትና ሱቅ ተቃጥሏል፣ ተዘርፏል። እንዲህ ካለ ጊዜ በኋላ ገበያ ላይ የሚወጣ ርካሽ ብረት የማን እንደነበር መጠየቅ የጎረቤት ግዴታ ነው። ባለቤቱ ምናልባት ሁለት ቀበሌ አልፎ ባዶ እጁን ተቀምጧል።

መፍቻው በንጹሕ መንገድ ተገዝቶ ሣጥን ከገባ በኋላ የሚመጣ አንድ ግዴታ አለ፤ ማዋስ። በሁለተኛ ነገሥት ስድስተኛ ምዕራፍ ከነቢያት ልጆች አንዱ እንጨት ሲቆርጥ የምሳሩ ብረት ዮርዳኖስ ውስጥ ይወድቅበታል፤ የጮኸው የተዋሰው ስለነበረ ነው፤ ኤልሳዕም ብረቱን አንሳፈፈለት። ለአንድ ምሳር ተአምር መደረጉ ብዙ ሰባኪዎችን ያስደነቀ ነው። ብረት ውድ በነበረበት ዘመን የተዋሰውን መሣሪያ ያጠፋ ድኻ ሊወድቅበት የሚችለውን ዕዳ ላወቀ ግን ታሪኩ ግልጽ ነው። ቁርኣንም አል-ማዑን በተባለው አጭር ምዕራፍ ሶላት እየሰገዱ ትንሹን ዕርዳታ የሚነፍጉትን ይወቅሳል፤ ብዙ ተንታኞች የተነፈገው ዕርዳታ ድስት፣ ባልዲ፣ መጥረቢያ ማዋስ መሆኑን ጽፈዋል። በጀውሃና በሸዋ ሮቢት መካከል ካቴናው ተበጥሶበት በቀትር ፀሐይ የቆመን ሰው ፒንሳ ይዞ ማለፍ ከዚህ ወቀሳ ውስጥ ይገባል። መፍቻን በርካሽ ያገኘ ሰው በተለይ ለማዋስ ምክንያት አለው፤ የተረፈው ዋጋ ለሌላው የሚበቃ ነውና።

የመጨረሻው ጉዳይ ቅን ገዢ ሳያውቅ የተሰረቀ ዕቃ ገዝቶ በኋላ ባለቤቱ ሲገኝ የሚሆነው ነው። ዕቃው የባለቤቱ ነው፤ በቅንነት መግዛት ስርቆትን አያጸዳም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉም ባለቤቱ የተሰረቀበትን ዕቃ ከያዘው ሰው እንዲያስመልስ ይፈቅዳል። በወንጌል የሚነገርለት ዘኬዎስ የበደለውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል የገባው አጥፊው እርሱ ስለነበረ ነው፤ ቅን ገዢ እጥፍ አይጠየቅም፤ ዕቃውን ይመልሳል፤ የከፈለውን ገንዘብ ከሸጠለት ሰው ይጠይቃል። ስለዚህ ከሸዋ ሮቢትም ከመርካቶም አሮጌ መፍቻ የሚገዛ ሰው የሻጩን ስምና ቦታ ይወቅ፤ ዋጋው ከፍ ያለ ስብስብ ሲሆን በምስክር ፊት ይግዛ፤ ደረሰኝ የሚሰጥ ሱቅ ካለም ደረሰኙን ከሣጥኑ ጋር ያስቀምጥ።